አንድ ሚስማር

ሰንጋ ተራ፣ ሰንጋው ሄዶ ስሙ ብቻ የቀረበት፣
ከባንኮቹ መሐል ገና መስታወት ያልለበሰ አንድ ሕንፃ አለበት።
እዚያ ነው እንጀራዬ። ትርፌ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣
ፌሮው በመሐላችን እንደ ልብስ ገመድ እየረገበ፣ እየላላ፣
ወለል በወለል እንወጣለን።
ካቦው ደባልቄ «በሉ! በሉ!» ይላል፤
እኛም በሆዳችን «እነማን በሉ?» እንላለን።

ባለፈው ማክሰኞ፣ ሰባተኛው ወለል ላይ፣
ደረጃው ዞረብኝ፤ በቀትር ጠቆረብኝ ሰማይ።
«ሳትበላ ወጥታ ነው» አለች ትርፌ።
በልቻለሁ። ዳቦ በሙዝ፣ በላዩም ሁለት ብርጭቆ ሻይ።

ጤና ጣቢያ ሄድሁ። ሲስተር ፀዳለ
የዓይኔን ቆብ ገልብጣ አየች፤ ነጭ ነው፣ ቀዩ ጎደለ።
ጣቴን ወጋች፣ ቁጥር ጻፈች፣
«ብረት አንሶሻል» አለች።
ሳቅሁ። ወረፋ የያዙት እስኪዞሩ ሳቅሁ።
«ሲስተር፣ እስቲ ትከሻዬን ግለጪው፤
ሰንበሩን እይው፣ ዝገቱን ዳስሺው።
ብረት ቢያንሰኝማ ኖሮ
ወገቤ መች ይጎብጥ ነበር በፌሮ?»

አልተቆጣችም።
«በሰው ገላ ያለ ብረት ሁሉ ተለቅሞ ቢቀልጥ
ከአንድ ሚስማር አይበልጥ።
ትንፋሽሽን የምትሰቅይባት ግን እሷው ናት፤
ሚስማር በሌለው ግድግዳ ኮት ማን ሰቀለበት?
ሻዩን ከምግብ አርቂው፣ ሁለት ሰዓት ይቆይ፤
ብረቱን ከበር የሚመልሰው እሱ ነው፣ ዘበኛ መሳይ።
ሎሚ ግን ይለፍ ይሰጠዋል።»

ማታ በጀርባዬ ተጋድሜ
ያችን ዳቦ ተከተልኋት፣ ከአፌ ጀምሬ።
ጥርሴ ወፍጮ፣
ጨጓራዬ ሚክሰር፣ ያለ ካቦ የሚዞር።
አንጀቴ ስድስት ሜትር፣ የአንድ ፌሮ ግማሽ፣
የሚበጀኝን ወደ ደም፣ የማይበጀኝን ወደ ታች የሚያሸሽ።
ስኳሩ ቶሎ ደርሶ ጡንቻዬ ውስጥ ይነዳል፣
የተረፈው ጉበቴ ዘንድ ለክፉ ቀን ይሄዳል።
ጉበቴ ንብረት ክፍል ነው፤ በሞዴል ዐሥራ ዘጠኝ ይቀበላል፣
ሌሊት፣ አንጎሌ ሕልም ሲያበስል፣ በሃያ ሁለት ያወጣል።
ጣፊያዬ ደግሞ ቆራሌ ናት፤
መቶ ሃያ ቀን ሮጦ ያረጀ ደም ሲመጣላት
ትፈታዋለች፤ ብረቱን ለይታ ለአዲሱ ታቀብላለች፤
ምንም አትጥልም። የድሃ ሰው ጣፊያ፣ መጣል መች ትችላለች?

በየወሩ ከእኔ የሚሄደውን ግን
ቆራሌም አይመልሰው።
እሱን ሲስተር አልነገረችኝም፤
ራሴ ነኝ የቆጠርሁት፣ ዐሥራ አራት ዓመት ሙሉ።

ሰው «ሆድ ባዳ ነው» ይላል። ሐሰት።
ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራልኝ ሰማሁት፣
ያለ ቀን አበል፣ ያለ ፊርማ፣
መብራት ጠፍቶ፣ እኔም ተኝቼ፣ በጨለማ።

በማግስቱ ከሲሚንቶው አቧራ አንዲት የጎበጠች ሚስማር አነሳሁ፤
በቀሚሴ ጠርጌ፣ በመዳፌ ጨብጬ ወደ ለገሃር ወረድሁ።
ሚዛን ዘርግቶ የተቀመጠ ልጅ አለ፣ አጥሩ ሥር።
«እህት፣ ኪሎሽን!»
ሚስማሯን ይዤ ወጣሁ። አርባ ሰባት።
ለእሱ አስይዤ ደግሜ ወጣሁ።
ያው አርባ ሰባት።
ልጁ ሚዛኑን በእጁ መታ መታ አደረገና
«አልተበላሸም» አለኝ፣ «ጠዋት ራሴን መዝኜበታለሁ።»
«አውቃለሁ» አልሁት።

ሚስማሯን ሲያገላብጥ ጫማውን አየ፤
ሶሉ አፉን ከፍቷል።
«ልውሰዳት?»
«ውሰዳት።»
በተረፈኝ ሳንቲም ሁለት ሎሚ ገዛሁ።